እምዬ ምን ምን ታውቅ ነበር?

(በሴት አያቴ በእምዬ ሙት ዓመት፣ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ለተሰበሰቡ ቤተ ዘመድና ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ጎረቤቶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከጎጃም፣ ከቢቸና ሌሊት ተነስታችሁ፣ አባይን ተሻግራችሁ የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

ሰው ሲያርፍ የምንለው ነገር አለ። ደግ ነበረች፣ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፣ አንጀቷ ለሰው ይራራ ነበር እንላለን። እምዬ ይህ ሁሉ ነበረች። በለቅሶውም በአርባውም ተብሏል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ እውቀቷ መናገር እፈልጋለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ እርሻ ላይ የኖረች ሴት ስትነሳ "ለፋች፣ ደከመች" ይባላል። "አዋቂ ነበረች" የሚል ሰው ግን ብዙ አልሰማሁም። እምዬ አዋቂ ነበረች። ይህን ሳልናገር ዓመቱ እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ ቤት እምዬ "አንቺ" ነው የምትባለው። አንቱ ካልናት "ምን አስቀየምኳችሁ?" ብላ ታኮርፋለች። ስለዚህ እናንተ ታላላቆቼ ፊት "እሷ" እያልኩ ስናገር አትታዘቡኝ።

የተወለደችው ጣልያን በገባ በዓመቱ ነው። 1929 መሆኑ ነው። የልደት ወረቀት የለም፤ እናቷ የነገረቻት ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ በላይ ዘለቀ ዱር ቤቴ ብሎ በዚያው በቢቸና አገር ጣልያንን ያስጨንቅ ነበር። እናቷ እሷን አዝላ ለአርበኞቹ በሶና ድርቆሽ ትሰንቅ ነበር። እምዬ ይህን ስታወራ "እኔም ዘምቻለሁ፣ በጀርባ ሆኜ" ትለን ነበር። በላይ ዘለቀ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል ነፍስ ያወቀች ልጅ ነበረች። መርዶው ሲሰማ የመንደሩ ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ ታስታውሳለች። ከልጅነቷ ሁሉ መጀመሪያ ትዝ የሚላት እሱ ነው።

ቀሪው ልጅነቷ ሥራ ነበር። ጥጃ መጠበቅ፣ ኩበት መልቀም፣ በእንስራ ውሃ መቅዳት። ወንድሞቿ የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥሩ እሷ ከእናቷ ጋር አረም ላይ ነበረች።

በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዳሯት። ይህን እንደ ባህል ጌጥ አላወራውም፤ ልጅ ነበረች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ሲወጣ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት አለ። 18 ያለው የቤተሰብ ሕግ የመጣው በ1992 ነው። እምዬ ከሁለቱም በፊት ባለ ትዳር ነበረች። አማቷ ቤት ስትገባ ምጣዱ ላይ ሊጥ ዞራ ለመጨረስ እጇ አልደርስ ብሏት ዱካ ላይ ትቆም እንደነበር ነግራናለች። ሳቅ እያለች ነው የነገረችን፤ እኛ ግን አልሳቅንም። እሷም ብትሆን በልጆቿ እንዲደገም አልፈቀደችም። ለመጨረሻዋ አክስቴ ሽማግሌ የተላከ ጊዜ፣ ወንድ አያቴ ቃል ሊሰጥ ሲል፣ ከጓዳ ወጥታ "ትምህርቷን ትጨርስ፤ ከቸኮለ ሌላ ይፈልግ" አለች። ሴት ከጓዳ ወጥታ ሽማግሌ ፊት መናገር በዚያን ጊዜ በዚያ አገር ቀላል ነገር አልነበረም። አክስቴ ዛሬ እዚህ አለች፤ ሠላሳ ዓመት አስተምራለች።

አሁን ወደ ጤፉ ልግባ። ከተማ ያደጋችሁ ታገሱኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጤፍ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ታውቃላችሁ። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 3000 የሚጠጋ ፍሬ አለ። ይህች ፍሬ የምትዘራው በቢቸና አካባቢ፣ በእነማይ ጥቁር አፈር ላይ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ብዙ ጊዜ ታርሶ በለሰለሰ መሬት ላይ ነው። ከመዘራቷ በፊት ማሳው በከብት ይረገጣል። አፈሩ ልል ከሆነ ፍሬዋ ወደ ታች ሰምጣ ትቀራለችና። እስከዚህ ድረስ ያለው የወንዱ ሥራ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ አረም ይመጣል፤ አረም ደግሞ የሴቱ ነው።

ጤፍ ሳር ነው። ሙጃም ሳር ነው። ሁለቱም ከመሬት ብቅ ባሉ ሰሞን ከላይ ቆሞ ላየ ሰው አንድ ናቸው። እኔ ክረምት ላይ ለእረፍት ስሄድ ከእምዬ ጎን ተቀምጬ አርማለሁ። ስጎትት ግማሹ ጤፍ ይሆንብኛል። እሷ እጇ አይቆምም። እያወራች፣ የጎረቤት ሰላምታ እየመለሰች፣ ቀና ሳትል ሙጃውን ብቻ ነቅላ ትሄዳለች። "እንዴት ለየሽው?" ስላት ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችና የኔን ጣት ወስዳ እዚያው ላይ አስቀመጠችው። "አየሽ? ይኼኛው ይሻክራል፤ ያኛው ይሸሻል" አለችኝ። እኔ ልዩነቱ አልተሰማኝም። በሁለተኛው ክረምት ተሰማኝ።

ዋናው እውቀቷ ግን ዘር ላይ ነበር። ህዳር መጨረሻ፣ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ ብቻዋን ማሳው ውስጥ ትገባለች። ዘለላው የረዘመውን፣ ፍሬው የሞላውን፣ ቀለሙ ያልተደባለቀውን ቦታ ትመርጣለች። ጥግ ጥጉን አትነካም፤ ከጎረቤት ማሳ ቀይ ጤፍ ሊገባበት ይችላል። የመረጠችውን በሰርዶ ጉንጉን ምልክት ታደርግበታለች። ያ ቦታ ለብቻው ይታጨዳል፣ ለብቻው ይከመራል፣ አውድማው በእበት ከተለቀለቀ በኋላ ከሁሉም በፊት ይወቃል። አያቴ በብዙ ነገር አዛዥ ነበር፤ ዘር ላይ ግን ቃል አይተነፍስም። "የእሷን ጠይቁ" ነው የሚለው።

ማኛ የሚባለውን ነጭ ጤፍ ገበያ ላይ የሚገዛ ሰው እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ያያል። ሦስት አራት ቀይ ፍሬ ካየ ዋጋ ይሰብራል። የእምዬን ጤፍ የሚያውቁ ነጋዴዎች ሳይዘግኑ ይገዙ እንደነበር አጎቴ ነግሮኛል። ይህ እንግዲህ ዕድል አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ በየዓመቱ፣ ከማሳ መሐል የተለየ ዘር ነው።

ስለ ሽምብራውም ልንገራችሁ። ሽምብራ ነቀዝ ይወዳል፤ ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ፍሬዋ በጣም ትንሽ ናት። እምዬ ለዘር የሚቀመጠውን ሽምብራ ከጤፍ ጋር ደባልቃ ጎታ ውስጥ ታስገባዋለች። ጤፉ በሽምብራው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል። ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል። የዘር ጊዜ ሲደርስ በወንፊት ትለየዋለች፤ ሽምብራው ከላይ ይቀራል፣ ጤፉ ከታች ይወርዳል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። መድኃኒት የለ፣ ወጪ የለ። ከአማቷ ነው የተማረችው፤ አማቷም ከአማቷ።

ጎታውንም የምትሠራው ራሷ ነበረች። ጭቃ፣ ጭድና እበት አብኩታ ዙሪያውን ታቆማለች፤ ትተወዋለች፤ ሲደርቅ ሌላ ዙር ትጨምርበታለች። ቸኩላ በአንድ ቀን ብታቆመው ይፈርሳል። ግድግዳው የቱ ጋ ቀጠን፣ የቱ ጋ ወፈር ማለት እንዳለበት በመዳፏ እያሻሸች ነው የምታውቀው። ከሥር አንድ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ትተዋለች። እህል የሚቀዳው ከዚያ ነው፤ በጨርቅ ይደፈናል። ሙያ በልብ ነው ይባላል። የእሷ ግን በእጇም ነበር፤ እጇን ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

የአዝርዕት ሳይንቲስቱን ዶክተር መላኩ ወረደን የምታውቁ ትኖራላችሁ። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ በ1968 ከተቋቋመ በኋላ ለረጅም ጊዜ የመሩት እሳቸው ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. "ራይት ላይቭሊሁድ" የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ሥራቸው ሁሉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው። ይህ አገር ያለው የዘር ሀብት በገበሬ እጅ ተጠብቆ የኖረ ነው፤ ወደፊትም ገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅ አለበት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወዲያው የመጣችብኝ እምዬ ናት። እሷ ስማቸውን ሰምታ አታውቅም። እሳቸውም የእሷን አያውቁም። ያወሩት ግን ስለ እሷና ስለ ብጤዎቿ ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር ትጠላ ነበር እንዳትሉ። ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የሚባል የጤፍ ዝርያ በ1998 ተለቆ በኋላ ወደ አገራችንም ገባ። እምዬ አንዱን ጥማድ ቁንጮ፣ አንዱን የራሷን ዘር አዘራች። ሁለት ዓመት አየችው። የቁንጮው ምርት እንደሚበልጥ ራሷ ሰፍራ አረጋገጠች። እኔ ደግሞ አንብቤ ኖሮ፣ የቁንጮ አንዱ ወላጅ ያው ማኛ እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና "እንግዲያማ ዘመድ ነው፣ ይግባ!" አለች። ከዚያ በኋላ ቁንጮን አበዛችው። የድሮውን ዘሯን ግን አልጣለችም፤ በየዓመቱ ትንሽ ጠርዝ ላይ ይዘራል። "አዲሱ አንድ ቀን ቢታመምስ?" ትላለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በንድፈ ሐሳብ የተማርኩትን ነገር እሷ በአንድ ጥያቄ ትጨርሰው ነበር።

ስለ መሬቱ ሳልናገር አላልፍም። ጎጃም የርስት አገር ነበር። ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር፤ ሴትም ትወርስ ነበር። ከሚታረሰው መሬት ግማሽ ያህሉ የመጣው በእምዬ እናት በኩል ነበር። ለዚህ ነው የ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ "መሬታችሁ ይለካ" መባሉ የጎጃምን ገበሬ ያስነሳው። ርስቴን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ነው የፈራው። ያን ጊዜ ወንዱ ጠመንጃውን ይዞ ሲወጣ እምዬ ከአራት ልጆች ጋር ቤቱን ይዛ ቀረች። ያን ዓመት መሬቱን ማን እንዳረሰው ጠይቄያት፣ "ያረሰውማ የእህቴ ልጅ ነው፤ የቀረውን ሁሉ እኔ" ነው ያለችኝ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። ርስት ቀረ። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመና አባወራው ተመዘገበ። የአያቴ ስም መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ የእምዬ አልሰፈረም። በእናቷ በኩል የመጣው መሬትም በእሱ ስም ገባ። አያቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሠራሩ ነው እንዲያ የነበረው። እሷ ግን ይህን አልረሳችም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልም የሚስትም ስም፣ የሁለቱም ፎቶ ይገባ ጀመር። እምዬ ፎቶ ለመነሳት ቢቸና ድረስ በእግሯ ሄደች። ደብተሩ ሲመጣ ፊርማ ተጠየቀች። ጸሐፊው አውራ ጣቷን ሊያስነካ የቀለሙን ሳጥን ሲያቀርብ "እስክሪብቶውን ስጠኝ" አለችው።

ምክንያቱም መጻፍ ትችል ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር ከአርባ ዓመት በላይ ነበረች። ማታ ማታ፣ እራት አብስላ ካበላች በኋላ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ ትሄድ ነበር። ዘመቻውን በኃይል የተጠላ ነገር አድርገው የሚያስታውሱት አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ለእምዬ ግን በሕይወቷ ለራሷ ያገኘችው የመጀመሪያ ነገር ነበር። ፊደሉን ምድጃ ጥግ በከሰል ትለማመድ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። እና ያን ቀን ስሟን ጻፈች። ደብተሩን እኔ አይቼዋለሁ። ፊርማው ትልልቅ ነው፤ ከመስመሩ ወጥቷል።

ደብተሩ ባዶ ወረቀት አልነበረም። አያቴ በ1999 ሲያርፍ በባል ወገን ይገባኛል ያለ ሰው መጥቶ ነበር። ደብተሩን አወጣች፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ መሬቱን በእኩል፣ ምርቱን ከአራሹ ጋር እየተካፈለች፣ ታሳርሳለች። አራሽ የምትመርጠው ደግሞ ሰውየውን አይታ ሳይሆን በሬዎቹን አይታ ነው። ቀንበር የተሸከመ ጫንቃቸውን ትዳብሳለች። ቁስል ካገኘች አትሰጥም። "ለበሬው ያልራራ ለመሬቴ ይራራል?" ትላለች።

ዓይኗን ላንሳ፤ ይህን መተው አልችልም። የኛ አገር ትራኮማ የጸናበት አገር ነው። ሴቶችን አብልጦ ያጠቃል፤ ሕፃናት አጠገባቸው ናቸውና ከልጅ ወደ እናት ይተላለፋል። እምዬ ዘጠኝ ወልዳ ስድስት አሳድጋለች። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን ይወጋት ነበር። ጠዋት ፀሐይ ወጣ ሲል ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ወረንጦውን ትሰጠኛለች። አንገቷን ወደ ኋላ ታደርጋለች። እኔ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። በእያንዳንዷ ትንፋሿን ትይዛለች እንጂ "ወይኔ" አትልም። ስጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ "ተባረኪ የኔ ዓለም፣ አሁን ጤፉ ታየኝ" ትላለች። ከዚያ ሰፌዷን አንስታ ማበጠር ትጀምራለች። የነቀልኩት ተመልሶ ይበቅላል፤ በሌላ ቀን እንደገና።

ጤና ጣቢያ የሚሠራ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነበር ያንን ስቃይ ያቆመው። እሷ ጋ የደረሰው ግን አንዱ ዓይኗ ከደከመ በኋላ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሲሶ ሰዓት የማይፈጅ ሕክምና አጥተው የታወሩ እናቶች በየመንደሩ አሉ። ዘመድ አገር ያላችሁ፣ ስትሄዱ ዓይናቸውን እዩ። ዓይኑን የሚያሽ፣ ብርሃን የሚሸሽ ሰው ካለ ወስዳችሁ አሳክሙት።

ለጋስነቷን አልናገርም ብዬ ነበር፤ አንዱን ግን ልበል። በ1977 ከወሎ ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች በመንደሩ ሲያልፉ፣ ጎታዋን ከፍታ እንደሰጠች ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የማታውቁት የዘሩን ጎታ እንዳልከፈተች ነው። የምግቡ ሲያልቅ ከልጆቿ ጋር ቆሎ ቆርጥማ አደረች፤ ዘሩን አልነካችም። አንዳንዱ "ጨከነች" ብሏል። በሚቀጥለው ክረምት መንደሩ ከእሷ ዘር ተበድሮ ነው የዘራው።

የእንቁላሉን ገንዘብማ ሁላችንም ቀምሰናል። የዶሮው የሴቷ ነው፣ ወንድ አይጠይቅበትም። አጎቶቼ ደብተርና እስክሪብቶ፣ እናቴ የመጀመሪያ ጫማዋን ያገኙት ከዚያ ነው። በኋላ ለኛ፣ ለልጅ ልጆች፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይመጣ ነበር።

እምዬ በ2016፣ በጥር፣ ጤፉ ገብቶ ካለቀ በኋላ አረፈች። ከአያቴ ሞት በኋላ ቆብ ጭና ስለነበር መንደሩ እማሆይ ይላት ነበር። እኛ እስከ መጨረሻው እምዬ ነበር ያልናት። በሞተች በሐምሌው ዘሯን ትልቁ አጎቴ ዘርቶታል። ማሳው መሐል ገብታ ዘር የምትለየው አሁን የአጎቴ ሚስት ናት። ሃያ ዓመት ከእምዬ ኋላ እየሄደች ያየች እሷ ናት። ከኋላ ተቀምጣለች፤ ብታፍርም እጇን ታንሳልን። ዘሩን መውሰድ የሚፈልግ መሬት ያለው ዘመድ ካለ እሷን ያነጋግር። በነፃ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ጤፍ ጋር እንዳትቀላቅሉት አደራ ትላለች።

አንድ ጥያቄ አለኝና ላብቃ። እኔ የነገርኳችሁ እኔ ያየሁትን ነው፤ ያየሁትም በክረምት በክረምት ብቻ ነው። እናንተ አብራችኋት የኖራችሁ የማላውቀውን ታውቃላችሁ። ለወተት ዕቃ ምን ምን ታጥን ነበር? የላም ቁርጠት በምን ታክም ነበር? የጌሾውን መድረስ በምን ታውቅ ነበር? ታናሽ እህቴ በሩ አጠገብ ደብተር ይዛ ተቀምጣለች፤ ስልኳም ድምፅ ይቀዳል። ከምሳ በኋላ እየመጣችሁ ንገሯት። ከቢቸና የመጣችሁት ቅድሚያ ይሰጣችኋል፤ መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።